ድልድይ ተብሎ የተቀበረ ሙዚቃ

ጽሑፋችንን በተቃውሞ እንጀምራለን፤ ተቃውሟችንም በአንዲት ቃል ላይ ነው። ቃሏ «መሸጋገሪያ» ትባላለች።

የ18ኛውን መቶ ዓመት የአውሮፓ ሙዚቃ ታሪክ የሚያስተምሩ የተለመዱ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ካርታ ይነድፋሉ። በወንዙ አንደኛ ዳር በ1750 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያረፈው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ቆሟል፤ የባሮክ ዘመን ከእርሱ ጋር መቃብር ወረደ ይባላል። በሌላው ዳር ሃይድንና ሞዛርት ቆመዋል፤ የክላሲክ ዘመን በእነርሱ እጅ ለአቅመ አዳም ደረሰ ይባላል። በሁለቱ ዳሮች መካከል የኖሩ፣ የጻፉ፣ የተጫወቱ፣ የተቸገሩና የሞቱ ሰዎች ግን የራሳቸው ዳር የላቸውም። ድልድይ ናቸው። በድልድይ ላይ ይታለፋል እንጂ አይኖርበትም፤ ቤት አይሠራበትም፤ ልጅ አይወለድበትም። መጻሕፍቱ ጥቂት ገጽ ሰጥተዋቸው ያልፋሉ፤ ተማሪውም አብሮ ያልፋል።

የዚህ አስተሳሰብ ዋነኛ ሰለባ የሆነው የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶ ነው። መሣሪያውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። ሃርፕሲኮርድ በመልኩ ለፒያኖ ይዛመዳል፤ በጠባዩ ግን ለክራር ይቀርባል። የፒያኖ አውታር በመዶሻ ይመታል፤ የሃርፕሲኮርድ አውታር ግን ከወፍ ላባ በተቀረጸች ምላስ ይነካል። ስለሆነም ጣት ቢከብድም ቢቀልም ድምፁ እምብዛም አይጎላም፣ አይሰልምም፤ ተጫዋቹ ስሜቱን የሚገልጸው በጉልበት ሳይሆን በጊዜ፣ በዝምታና በጌጥ ነው። ኮንሰርቶ ደግሞ አውራጅና ተቀባይ ያለው ድርሰት ነው። የአውታር መሣሪያዎች ጓድ አዝማቹን ይዞ ይመላለሳል፤ ብቸኛው ተጫዋች ከጓዱ ተለይቶ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ተመልሶም ይቀላቀላል። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ሃርፕሲኮርድ ለብዙ ዘመን የኋላ አጃቢ ነበር። ሴባስቲያን ባኽ በ1721 ለብራንደንቡርግ መስፍን ካበረከታቸው ስድስት ኮንሰርቶዎች በአምስተኛው ይህን አጃቢ ወደ ፊት አውጥቶ ብቻውን ረዥም ንግግር እንዲያደርግ ፈቀደለት። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ሃምሳና ስድሳ ዓመታት፣ በልጆቹ፣ በደቀ መዛሙርቱና በዘመዶቻቸው ዘመዶች እጅ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶዎች ተጻፉ። ከዚያም ተረሱ። እንዴት ተረሱ? ዛሬስ «ተገኙ» ሲባል ምን ማለት ነው? እኛንስ ምን ይመለከተናል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. «የነገሥታት ሙዚቃ ነው» ለሚሉን

ይህን ርእስ ስንመርጥ ከወገኖቻችን መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ። «አገር በችግር ላይ ሳለ፣ ወገን በየስደቱ እየተንከራተተ፣ ስለ ፊውዳል አዳራሽ ዕቃ መጻፍ ምን ይሉታል?» አሉን። ጥያቄው አክብሮት ይገባዋል። የቤተ መንግሥቱ ወርቅ ከገበሬው ላብ እንደተጨመቀ አንክድም። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት።

በ1702 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ የነበረው ቴሌማን የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩን በ1729 ሴባስቲያን ባኽ ተረከበው። መሰብሰቢያቸው ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ካቴድራልም አልነበረም፤ የዚመርማን ቡና ቤት ነበር። የባኽ የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶዎች በ1730ዎቹ የተሰሙት በዚህ ቤት፣ በተማሪዎች እጅ፣ ዘሯ ከአገራችን ደን የወጣው ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ መካከል እንደ ነበረ የሙዚቃ ታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። እንግዲህ ይህ የድርሰት ዓይነት ካደገባቸው ቤቶች አንዱ የተማሪዎች ማኅበር ነው። ተማሪዎች የሆንን እኛ «አይመለከተንም» ብንል ያልተጠየቅነውን ውርስ መካዳችን ነው።

ቤተ መንግሥቱንም እንይ። የሴባስቲያን ሁለተኛ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ከ1740 ጀምሮ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል የፕሩሲያውን ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪክን በሃርፕሲኮርድ አገለገለ። ንጉሡ ፍሉት ተጫዋች ነበር። የፍሉት መምህሩ ክቫንትስ በዓመት 2000 ታለር ሲከፈለው፣ ኢማኑኤል ባኽ ሥራ ሲጀምር የተቆረጠለት ደመወዝ 300 ታለር ነበር። ንጉሡ የሚሻው የራሱንና የመምህሩን የፍሉት ሙዚቃ ነበርና የአጃቢው ኮንሰርቶዎች ለንጉሡ ክፍል የታሰቡ አልነበሩም። የተሰሙት በበርሊን ነዋሪዎች ቤትና በከተማው የሙዚቃ ማኅበራት ነው። በቤተ መንግሥት የጌታውን ፍሉት ያጅባል፤ ከቤተ መንግሥት ውጭ የራሱን ቃል ይናገራል። ይህ ሰው ሃምሳ ያህል የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶ ጽፏል። «የነገሥታት ሙዚቃ» የሚለው ክስ እንግዲህ ባለቤቱን ስቶ ሎሌውን የሚከስ ክስ ነው።

ለ. ያልጎደለውን ጎዶሎ ማለት

አሁን ወደ ቃሏ እንመለስ። «መሸጋገሪያ» የሚለው ፍርድ አንድ የተደበቀ መነሻ አለው። ታሪክ አስቀድሞ የተወሰነ መድረሻ አለው፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ መድረሻ ይጓዛል፤ ያልደረሰ ሁሉ «ገና» ነው ይላል። ኢማኑኤል ባኽ ከአባቱ አንጻር ሲመዘን «ከእንግዲህ ወዲህ ባሮክ ያልሆነ»፣ ከሞዛርት አንጻር ሲመዘን «ገና ክላሲክ ያልሆነ» ይሆናል። በሁለት ሚዛን ተመዝኖ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በራሱ ሚዛን የመዘነው ግን የለም።

በራሱ ሚዛን ብንመዝነውስ? በ1748 የጻፈውን የዲ ማይነር ኮንሰርቶ እንስማ። የአውታሮቹ ጓድ ገና ሲነሣ በሰፊ ዝላይ ከከፍታ ወደ ጥልቀት ይወረወራል፤ ዜማው እንደ ተቆጣ ሰው ንግግር ይቆራረጣል፤ ሃርፕሲኮርዱ ጓዱን እንደ አሽከር አይከተልም፤ ይሞግተዋል እንጂ። በ1772 በሃምቡርግ ያሳተማቸውን ስድስት ኮንሰርቶዎች እንይ። ክፍሎቹ በዝምታ ተለያይተው እንደ ልማዱ አይቆሙም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። በአራተኛው፣ በሲ ማይነሩ ኮንሰርቶ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሳይቋጭ ይቋረጣል፤ ዝግታው ክፍል ይገባል፤ ሜኑዌት ይከተላል፤ ከዚያ የተቋረጠው ነገር ተመልሶ መጥቶ ይቋጫል። ይህን ያደረገ ሰው ወደ ሞዛርት መንገድ ጠፍቶት የተንገዋለለ ሰው ነውን? አይደለም። የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ ያወቀውን የሠራ ሰው ነው። በዘመኑ በሰሜን ጀርመን «ታላቁ ባኽ» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት አባቱን ሳይሆን እርሱን እንደ ነበረ ማስታወስም ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ሥራ የመሸጋገሪያን ክርክር ያፈርሰዋል። ኢማኑኤል ባኽ በሞተበት ዓመት፣ በ1788፣ ለሁለት ብቸኛ ተጫዋቾች አንድ ኮንሰርቶ ጻፈ። አንደኛው መሣሪያ ሃርፕሲኮርድ ነው፤ ሁለተኛው አዲሱ የመዶሻ ፒያኖ ነው። በመጻሕፍቱ ካርታ መሠረት አሮጌው ለአዲሱ ቦታውን ለቆ መሄድ ነበረበት። በዚህ ሥራ ግን አሮጌው አይሄድም፤ አዲሱም አይገፋውም። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀበላል፤ ሌላው የጀመረውን አንዱ ይጨርሳል። የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ በሁለት ዘመናት መካከል እንደ ድልድይ አልተረገጠም፤ ሁለቱን ዘመናት በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አነጋገራቸው።

እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ይህችን ቃል ከሙዚቃ ክፍል በፊት በራሳችን ክፍል ተዋውቀናታል። በ1958 ዳንኤል ለርነር የመካከለኛውን ምሥራቅ ሕዝብ ልማዳዊ፣ ተሸጋጋሪና ዘመናዊ ብሎ በሦስት ከፈለ። በ1960 ዋልት ሮስቶው የዓለምን ሕዝብ ሁሉ በአንድ መሰላል አምስት እርከኖች ላይ አሰለፈ፤ የላይኛው እርከን የአሜሪካ ገበያ ነበር። በዚህ መሰላል ላይ የቆመ ሕዝብ የራሱ ዛሬ የለውም፤ ያለው የሌላ ሰው ትናንት ብቻ ነው። የሙዚቃ መጻሕፍቱ ድልድይና የሮስቶው መሰላል ከአንድ እንጨት የተጠረቡ ናቸው። ስለዚህ ነው ጉዳዩ የሙዚቀኞች ብቻ አይደለም የምንለው።

ሐ. መረሳት ሥራ ነው

«ጊዜ አስረሳቸው» ይባላል። ጊዜ እጅ የለውም፤ የሚያስረሳ ሰው ነው፣ ድርጅት ነው፣ ገበያ ነው። ምክንያቶቹን በየተራ እንዘርዝር።

አንደኛው ምክንያት ኅትመት ነው። ኢማኑኤል ባኽ ከጻፋቸው ኮንሰርቶዎች መካከል በፈቃዱ በሕይወቱ ሳለ የታተሙት አሥር አይሞሉም። የቀሩት በእጅ ይገለበጡ ነበር፤ የሚገለበጡትም ለእያንዳንዱ ተጫዋች በተለያየ ወረቀት ነው። የቫዮሊኑ ወረቀት በአንድ እጅ፣ የባሱ በሌላ እጅ። አንዱ ወረቀት ሲጠፋ ኮንሰርቶው ይሽመደመዳል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ያሉት አባቶቻችን ነገሩን በሁለት ሐረግ ጨርሰውታል፤ እነዚህ ሥራዎች በአያያዝ ተቀደዱ፣ «መሸጋገሪያ» በሚል አነጋገርም ተፈረዱ።

ሁለተኛው ምክንያት የመሣሪያው ሞት ነው። በለንደን የብሮድውድ ፋብሪካ የመጨረሻ ሃርፕሲኮርዱን በ1793 ሠርቶ ወደ ፒያኖ ዞረ። በዚያው ዘመን በፓሪስ የአብዮቱ መንግሥት ከአገር የተሰደዱትንና የተፈረደባቸውን መኳንንት መሣሪያዎች ወርሶ ሲመዘግብ ከተመዘገቡት መካከል ብዙ ሃርፕሲኮርዶች ነበሩ። መሣሪያው ከባለቤቱ ጋር ተፈረደበት። አብዮት የሚወርሰውን ዕቃ ከዕቃው ባለቤት ለይቶ ማየት ሲሳነው ምን እንደሚደርስ ከዚህ በላይ መናገር ለእኛ ትውልድ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት የ19ኛው መቶ ዓመት የታሪክ አጻጻፍ ነው። ያ ዘመን ጀግና ይወድ ነበር፤ ጀግና ደግሞ ጥቂት ነው። ፎርከል በ1802 የሴባስቲያን ባኽን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም ከምንጮቹ አንዱ ኢማኑኤል ባኽ የላከለት ደብዳቤዎች ነበሩ። ልጁ የራሱን ታሪክ ተነጥቆ የአባቱ ታሪክ ምስክር ሆኖ ቀረ። በ1829 በበርሊን የዜማ ማኅበር፣ በዚንግ አካዳሚ፣ የሃያ ዓመቱ ሜንደልሶን የሴባስቲያንን የማቴዎስ ሕማማት አሰማ፤ አባትየው ከሙታን ተነሣ ተባለ። በዚያው ሰዓት በዚያው ማኅበር መደርደሪያ ላይ የልጆቹ ኮንሰርቶዎች በብዛት ተደርድረው ነበር። አባትየው ሲነሣ ልጆቹ በመደርደሪያው ላይ ቀሩ።

የዚህ አጻጻፍ ሰለባዎች ዝርዝር ረዥም ነው። የበኩር ልጁ ቪልሄልም ፍሪደማን በ1764 በሃለ ከተማ የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ቋሚ ሥራ ሳያገኝ፣ የአባቱን ጽሑፎች እየሸጠ፣ በ1784 በበርሊን በድህነት ሞተ። ኮንሰርቶዎቹ ግን የድሃ ልመና አይመስሉም፤ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ አስተሳሰባቸው የከበደ ነው። ጌኦርግ ቤንዳ በ1742 ከቤተሰቡ ጋር ከቦሄሚያ ወደ ፕሩሲያ የፈለሰ ስደተኛ ነበር። ሙቴል የሴባስቲያን ባኽ የመጨረሻ ተማሪ ነው፤ በ1753 ወደ ሪጋ ሄዶ እስከ ሞቱ በዚያው ኖረ፤ ከዚያ ዳር አገር የወጡት ሥራዎቹ የትኛውንም መሰላል የማይታዘዙ ናቸው።

የዝርፊያውንም ዓይነት እንመልከት። በ1767 የአሥራ አንድ ዓመቱ ሞዛርት አራት የፒያኖ ወይም የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶዎች አዘጋጀ። በ1862 የወጣው የኬሽል መዝገብ 37፣ 39፣ 40 እና 41 ብሎ ቁጥር ሰጣቸው፤ የሕፃኑ ተአምር ተደርገውም ተቆጠሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቴዎዶር ዴ ቪዜቫና ጆርጅ ዴ ሴንት ፉዋ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲመረምሩ ክፍሎቹ የራውፓኽ፣ የሆናወር፣ የሾበርት፣ የኤካርድ፣ አንዱም የኢማኑኤል ባኽ ሥራዎች እንደ ሆኑ ታወቀ። ሕፃኑን አንወቅስም፤ ልጅ የሚማረው በመገልበጥ ነው። የምንወቅሰው ያንኑ ዜማ በጌታው ስም ሲሰማ «ተአምር»፣ በባለቤቱ ስም ሲሰማ «መሸጋገሪያ» ያለውን ጆሮ ነው። ዜማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው።

መ. አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ፍርድ

እዚህ ላይ ታሪኩ ሳንጋብዘው ወደ እኛ ይመጣል። በ1772 ቻርልስ በርኒ የተባለ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ሃምቡርግ ድረስ ሄዶ ኢማኑኤል ባኽን በቤቱ ጎበኘ፤ አጨዋወቱንም ሰምቶ በአድናቆት ጻፈ። ይኸው በርኒ በ1776 የአጠቃላይ ሙዚቃ ታሪኩን አንደኛ ቅጽ ሲያወጣ በውስጡ አንድ ደብዳቤ አሳተመ። የደብዳቤው ጸሐፊ በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ነው፤ ጉዳዩም የግብፅና የኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነበር። የእኛ ክራርና ጸናጽል በለንደን መጽሐፍ የገቡት፣ የሃምቡርጉን ሽማግሌ አጨዋወት በመዘገበው እጅ ነው።

ነገር ግን በየትኛው ቅጽ ገቡ? አንደኛው ቅጽ የጥንቱን ዓለም ሙዚቃ የሚተርክ ነው፤ ግብፃውያንን፣ ዕብራውያንን፣ ግሪኮችን፣ ሮማውያንን። ብሩስ በጎንደር የሰማቸው ደብተሮችና ክራር መቺዎች ግን ጥንታውያን አልነበሩም፤ የኢማኑኤል ባኽ እኩዮች ነበሩ። ሃምቡርግ አዝማች ሲመለስ ጎንደር ጸናጽል ይጸነጸል ነበር። በአንዱ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ሁለት ዘመናዮች አንዱ በኋላ ሰዎች «መሸጋገሪያ» ተባለ፣ ሌላው በዚያው ጊዜ «ጥንት» ተባለ። የሁለቱም ወንጀል አንድ ነው፤ በራሳቸው ዛሬ ውስጥ መኖራቸው።

ይህን የምንናገረው «እኛም ነበርንበት» ብለን ለመኩራራት አይደለም። የአመዳደብ ሥልጣን ገለልተኛ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ማን በየትኛው ቅጽ፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚረሳ ወስኗል።

ሠ. «ተገኘ» የሚሉት ውሸት

በቅርብ ዘመን እነዚህ ኮንሰርቶዎች «እንደገና ተገኙ» ይባላል። ደስ ይለናል፤ ግን እንጠይቃለን፤ ማን ጣላቸው? ማንስ ጠበቃቸው?

ከላይ የጠቀስነው የበርሊን ዚንግ አካዳሚ ቤተ መዛግብት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ለማዳን ወደ ሲሌዥያ ተወሰደ። በ1945 የሶቪየት ጦር አንሥቶ ወደ ኪየቭ አጋዘው። ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆኑ የሙዚቃ ጽሑፎች ለበርሊን ሰዎች «ጠፉ»። በ1999 ክሪስቶፍ ቮልፍ፣ ፓትሪሺያ ግሪምስተድና ሄናዲ ቦርያክ በኪየቭ ቤተ መዛግብት ውስጥ እንዳሉ አረጋገጡ፤ በ2001 ወደ በርሊን ተመለሱ። ለዓለም ይህ የግኝት ዜና ነው። ነገር ግን ወረቀቶቹ በኪየቭ ጫካ ውስጥ አልተገኙም። በመደርደሪያ ላይ ነበሩ። ያ ሁሉ ዓመት ከእርጥበትና ከአይጥ የጠበቃቸው፣ አቧራቸውን ያራገፈ፣ በደመወዙ ኑሮ የሚገፋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረ። እርሱ በዜናው ውስጥ ስም የለውም። ጠፉ የተባሉት ለፈላጊዎቹ እንጂ ለእርሱ አይደለም።

«ጠፋ» ከሚባለው ብዙው የተዘረፈ ነው። ሃርፕሲኮርድን በ20ኛው መቶ ዓመት ከሞት ያስነሣችው የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊት ቫንዳ ላንዶቭስካ በ1940 ከናዚዎች ፊት ከፓሪስ አጠገብ ከነበረው ቤቷ ሸሸች፤ መሣሪያዎቿንና ቤተ መጻሕፍቷን ናዚዎች ዘረፉ፤ በታኅሣሥ 1941 ኒው ዮርክ ስትደርስ ስደተኛ ነበረች። በርሊን በ1945 የተወሰደባትን ስትቆጥር፣ የበርሊን ጦር ከዩክሬን የወሰደውንም መቁጠር ግድ ነው። የእኛም አለ። በ1868 ከመቅደላ የተጋዙት የብራና መጻሕፍት ለንደን ናቸው፤ በ1877 በታተመው የዊልያም ራይት መዝገብ ውስጥ ተቆጥረው ይገኛሉ። ማንም «ጠፍተዋል» ሊለን አይችልም፤ ቁጥር አላቸው። ከኪየቭ ወደ በርሊን የተደረገው የ2001 መልስ የሚያስተምረን አንድ ሐቅ ነው፤ ፈቃድ ካለ መንገድ አይታጣም።

እንግዲህ እነዚህ ኮንሰርቶዎች በእውነት የዳኑት በማን ነው? ስማቸውን እንጥራ። ኢማኑኤል ባኽ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1790፣ በባለቤቱ በዮሐና ማሪያ እንክብካቤ የውርሱ ዝርዝር በሃምቡርግ ታተመ፤ ከእያንዳንዱ ኮንሰርቶ አጠገብ የተጻፈበት ዓመትና ቦታ ተመዝግቧል። በሽቬሪን ከተማ ቬስትፋል የተባለ ኦርጋን ተጫዋች ዕድሜውን ሙሉ የኢማኑኤልን ሥራዎች እየሰበሰበና እያስገለበጠ አከማቸ፤ ክምችቱ በኋላ ብራስልስ ገባ። በብራስልስ አልፍሬድ ቮትከን የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በ1905 በዚያ ክምችት ላይ ተመሥርቶ መዝገብ አወጣ፤ ዛሬ የኢማኑኤልን ሥራዎች የምንጠራባቸው ቁጥሮች የእርሱ ናቸው። በበርሊን ሳራ ሌቪ የተባለች አይሁዳዊት፣ የፍሪደማን ባኽ ተማሪ፣ የሜንደልሶን እናት አክስት፣ እነዚህን ኮንሰርቶዎች እየገዛች፣ እየተጫወተች፣ በመጨረሻም ለዚንግ አካዳሚ እየሰጠች ኖረች። ያ የ1788ቱ የሁለት መሣሪያዎች ኮንሰርቶ እርሷ እንዳጻፈችው ይታመናል። አንዲት ባልቴት፣ አንድ የገጠር ከተማ ኦርጋን መቺ፣ አንድ መዝጋቢ፣ አንዲት ሴት ተጫዋች፣ ስማቸው ያልተነገረ የኪየቭ ሠራተኞች። «አግኚዎች» የሚገቡት እነዚህ ያቆዩት በር ላይ ነው። ሃንጋሪያዊው ሚክሎሽ ሽፓኒ ሃያ ዓመት ያህል ደክሞ የኢማኑኤልን ኮንሰርቶዎች ሁሉ በሃያ ዲስኮች ሲቀርጽ፣ ከፊቱ የተዘረጋው ወረቀት የእነርሱ ነበር። መረሳት ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ ማስታወስም ሥራ ነው፤ ሥራውም የጀግና ሳይሆን የገልባጭና የመዝጋቢ ነው።

ረ. ስለ ራሳችን

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ፤ ሂስ ከራስ ካልጀመረ ስድብ ነውና።

በስደት የምንኖር ተማሪዎች ስለ ራሳችን ስንናገር አንድ ልማድ አለን። «እኛ የመሸጋገሪያ ትውልድ ነን» እንላለን። ካለፈው አገር ወጥተናል፤ ወደሚመጣው አገር አልደረስንም፤ የምንጽፈው ለጊዜው ነው፤ እውነተኛው ሥራ ስንመለስ ይጀመራል እንላለን። ይህ ትሕትና ይመስላል። በእኛ እምነት ግን ራስን አስቀድሞ መቅበር ነው። የሙዚቃ መጻሕፍቱ በኢማኑኤል ባኽ ላይ ያደረጉትን እኛ በራሳችን ላይ እናደርጋለን፤ ፈራጅ እንኳ አላስፈለገንም።

ውጤቱም በዓይን ይታያል። ከእኛ በፊት የነበሩ የተማሪ ማኅበራት በእስቴንስል ያባዟቸው መጽሔቶች፣ የጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ ግጥሞችና ክርክሮች የት ናቸው? አንዳንዱ በሞተ ወዳጅ ምድር ቤት በካርቶን ታሽጎ አለ። አንዳንዱ ቤት ሲለቀቅ ተጥሏል። አንዱ እትም በአንድ ከተማ፣ ቀጣዩ በሌላ አገር፤ ልክ እንደ ኮንሰርቶዎቹ ወረቀት፣ ቫዮሊኑ በአንድ እጅ፣ ባሱ በሌላ እጅ። እኛ ራሳችን ካርቶን ተረክበን ሳንከፍተው ወራት ያስቀመጥን ነን። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ የሌላ አገር ተመራማሪ ይመጣና «አገኘሁት» ይላል፤ እኛም ማጨብጨብ ይቀረናል።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ የምንጠይቀው አድናቆት አይደለም። ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በእጁ የማኅበር ጽሑፍ ያለው ሰው ሁሉ ባልቴቲቱ በ1790 ያደረገችውን ያድርግ፤ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ የተጻፈበትን ከተማ በአንድ ወረቀት ይዘርዝርና ለማኅበሩ ይላክ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ቅጂ በላይ የሌለው ጽሑፍ እንዳይኖር ይገልበጥ፤ ቅጂዎቹም በተለያዩ ከተሞች ይቀመጡ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተከማቸ ሁሉ ለአንድ ጦር ሠራዊት ወይም ለአንድ ጎርፍ የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛ፣ በማኅበራችን ስብሰባ የመዝጋቢነት ኃላፊነት እንደ ቅጣት ለዘገየ አባል የሚሰጥ መሆኑ ይቅር፤ ከሊቀ መንበርነት የማያንስ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር።

አንዳንዱ ወገናችን አሁንም «ሃርፕሲኮርድ ለኢትዮጵያ ምን ይፈይዳል?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሃርፕሲኮርድ ለኢትዮጵያ ምንም ላይፈይድ ይችላል፤ «መሸጋገሪያ» የምትለው ቃል ግን ትጎዳታለች፤ ይህች ቃል በሌላ ሕዝብ ታሪክ ላይ የሠራችውን ጉዳት በግልጽ ያየ ሰው በራሱ ታሪክ ላይ ስትመጣ በሩን አይከፍትላትም። በ1748 በፕሩሲያ የዲ ማይነሩን ኮንሰርቶ የጻፈው ሰው ሞዛርት ከስምንት ዓመት በኋላ እንደሚወለድ አያውቅም ነበር። ለማይታወቅ ዘመን መንገድ አልጠረገም፤ በዚያ ዓመት መናገር ያለበትን በዚያ ዓመት ተናገረ፤ ባለቤቱም ዓመቱንና ቦታውን አስመዘገበችለት። እኛም በዚህ ዓመት፣ በዚህ ባዕድ ከተማ የምንናገረውን እንናገር፤ ከግርጌውም ዓመቱንና ከተማውን እንጻፍበት።